48 ጀሪካን፦ ደብረ ብርሃን ላይ በእንጨት የሚሞቅ ገንዳ

ጥቅምት 4

እማዬ ዛሬም ጉልበቷን አሟታል። አዲስ ነገር አይደለም። ጥቅምት ሲገባ ይብስባታል። በየዓመቱ ሶደሬ ወይም አዲስ አበባ ፍልውሃ እንወስዳታለን። ሦስት ቀን ትዘፈዘፍና ትመለሳለች፤ ሳምንት ያህል ደህና ትራመዳለች። ከዚያ የደብረ ብርሃን ብርድ ይቀበላታል፣ ጉልበቷም ወደነበረበት ይመለሳል።

ዘንድሮ ግን አንድ ሐሳብ መጣልኝ። ፍልውሃውን እሷ ግቢ ውስጥ ብሠራውስ? ክብ የእንጨት ገንዳ፣ ከጎኑ የማገዶ ምድጃ። ውሃው ምድጃው ውስጥ እየሞቀ በራሱ ይዞራል። ፓምፕ የለው፣ መብራት አይፈልግ። ብርድ አገር ያሉ ፈረንጆች ለመዝናኛ ይሠሩታል። የእኔ ለጉልበት ነው።

እማዬ ስትሰማ "ምኒልክስ እንጦጦ በርዷቸው አይደል ፍልውሃ የወረዱት?" አለች። ሌላም ሌላም ምክንያት ነበራቸው፤ ግን አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. የተቆረቆረችው ፍልውሃው አጠገብ መሆኑ እውነት ነው። ፈቃድ እንደማግኘት ቆጠርኩት።

ጥቅምት 9

ሙያዬ ኤሌክትሪክ ነው፤ ስለዚህ በሒሳብ ጀመርኩ።

ሁለት ሰው እግሩን አጥፎ እንዲቀመጥ ስፋቱ 1.30 ሜትር፣ የውሃው ጥልቀት 75 ሳ.ሜ. ይሁን አልኩ። ወደ 1,000 ሊትር ይይዛል። አንድ ሊትር ውሃ አንድ ዲግሪ ለመጨመር 4.2 ኪሎ ጁል ይፈልጋል። የሮቶአችን ውሃ ዛሬ ጠዋት 13 ዲግሪ ነው፤ 39 ላድርሰው ካልኩ 26 ዲግሪ መውጣት አለበት። ሲባዛ 109 ሜጋ ጁል፣ ማለትም 30 ኪሎ ዋት ሰዓት ነው። 3 ኪሎ ዋት ማሞቂያ ብጨምርበት 10 ሰዓት ይፈጃል። በመሃል መብራት የሚጠፋበትን አልቆጠርኩም።

ደረቅ ባህር ዛፍ በኪሎ 15 ሜጋ ጁል ገደማ ይሰጣል። ሙቀቱ ሁሉ ውሃው ውስጥ ቢገባ 7 ኪሎ ማገዶ በበቃ ነበር። አይገባም። አብዛኛው በጭስ መውጫው ይሄዳል። ግማሹን ያስቀረ ምድጃ ጎበዝ ነው።

ጥቅምት 13

የጣውላ ነገር። ባህር ዛፍ በየቦታው አለ፤ ግን ይጠማዘዛል፣ ይሰነጠቃል። ለማገዶ እንጂ ለገንዳ አይሆንም። የሐበሻ ጥድ ነው ትክክለኛው፤ ምስጥም ብስባሴም ቶሎ አይደፍሩትም። ግን ለገንዳ ብዬ ጥድ ላስቆርጥ? የቀረውም ጥቂት ነው፣ በሕግም እንደልብ አይቆረጥም፣ እኔም ደፍሬ አላደርገውም።

የአያቴ ቤት ሲፈርስ የተረፈ የጥድ ወራጅ በረቱ ውስጥ ተከምሮ ነበር። ማሽን ቤት ወስጄ አስሰነጠቅኩት። ላዩ ጥላሸት ነው፤ ዕድሜ ልኩን የምድጃ ጭስ ጠጥቷል። መጋዙ ሲገባበት ግን ውስጡ ቀይ ሆኖ ወጣ። ሽታው ትናንት የተቆረጠ ነው የሚመስለው። አንድ የተደበቀ ምስማር የማሽኑን ጥርስ ስለሰበረ የጥርሱንም ከፈልኩ።

ጥቅምት 20

የዛሬውን ውርደት እንዳለ እጽፈዋለሁ።

ገንዳው ከ42 ጣውላ ይሠራል። ክብ እንዲሆን የእያንዳንዱ ጠርዝ ዘመም ብሎ መላግ አለበት። 360 ለ42፣ ከዚያ ለሁለት ሲካፈል 4.3 ዲግሪ ይመጣል። እኔ "ያው 5 ነው" ብዬ 5 ላይ ላግኩት። ዜሮ ነጥብ ሰባት ምን ያመጣል?

መሬት ላይ ደርድሬ በገመድ እያሰርኩ መግጠም ጀመርኩ። ሃያኛው ላይ ያምራል። ሠላሳኛው ላይ ትንሽ ቸኮለብኝ። 36ኛው ላይ ክቡ ገጠመ። ስድስት ጣውላ እጄ ላይ ቀረ።

ቆሜ አየሁት። 84 ጠርዝ አለ። በእያንዳንዱ ላይ 0.7 ሲደመር ወደ 60 ዲግሪ ይሆናል። እማዬ በር ላይ ቁጭ ብላ ታየኛለች። "ስድስቱ ለምንድን ናቸው?" አለችኝ። "መጠባበቂያ" አልኳት።

ጥቅምት 24

ሁሉንም እንደገና ላግኩ። ጣውላዎቹ ስለጠበቡ ገንዳውም 3 ሳ.ሜ. ጠበበ፤ አሁን 1.27 ሜትር ነው። 950 ሊትር ይይዛል። ጠርዛቸው ተስተካከለ። በሦስት የፌሮ ቀበቶ አሰርኩት፤ ጫፍና ጫፋቸው ላይ ቡሎን ተበይዶ በዳዶ ይጠብቃል። ሙጫ የለም፣ ምስማርም የለም። ውሃ ሲጠጣ እንጨቱ ራሱ አብጦ ይዘጋል።

ህዳር 2

ምድጃ። ሦስት መንገድ አለ።

አንደኛው ምድጃውን ገንዳው ውስጥ መክተት ነው። ዙሪያውን ውሃ ስለሆነ ሙቀቱ የትም አይሄድም። ቶሎ ያሞቃል፣ ማገዶም ይቆጥባል። ግን ቦታ ይይዛል፤ አመድ ማውጣቱም ጣጣ ነው። ከሁሉም በላይ እማዬ ከጋለ ብረት አጠገብ ጉልበቷን ዘርግታ እንድትቀመጥ አልፈልግም። ሁለተኛው የብረት ገንዳ ሠርቶ ከሥሩ ማንደድ ነው። ይሄ ሰው መቀቀል መሰለኝ። ጃፓኖች ከጥንት ጀምረው ይሠሩበታል፤ የሚቀመጡት ታች በተዘረጋ እንጨት ላይ ነው። ሦስተኛው ምድጃውን ውጭ አድርጎ በሁለት ቱቦ ማገናኘት ነው። ቀስ ይላል፣ ማገዶም ይበላል። ይሁን፤ እሱን መረጥኩ።

በያጁ ከ4 ሚሊ ሜትር ላሜራ ሁለት ክብ ሠራልኝ፤ አንዱ በአንዱ ውስጥ። ውስጠኛው ውስጥ እሳት ይነዳል። በመሃላቸው ባለው የ4 ሳ.ሜ. ክፍተት ውሃ ይቆማል። የታችኛው ቱቦ ቀዝቃዛውን ከገንዳው ይስባል፤ የላይኛው የሞቀውን ይመልሳል። የሞቀ ውሃ ስለሚቀል ወደ ላይ ይወጣል፣ የቀዘቀዘው ቦታውን ይተካል። ሞተሩ ይኸው ነው።

ቱቦዎቹ ላይ መዝጊያ ቫልቭ ላስገባ ነበር። በያጁ ብየዳውን አቁሞ መነጽሩን አነሳ። "ጋሼ፣ ሁለቱንም የዘጋህ ዕለት ቦምብ ነው የሠራሁልህ" አለ። ልክ ነው። ውሃ እንፋሎት ሲሆን 1,600 እጥፍ ገደማ ይሰፋል። ቫልቩ ቀረ። እሱም ደስ ብሎት አንድ ሻይ ጋበዘኝ።

የብረቱን ዋጋ እዚህ አልጽፍም። ባለቤቴ ታነበዋለች።

ህዳር 6

ቦታ ቀየርኩ። መጀመሪያ ያሰብኩት ከበረቱ አጠገብ ነበር፤ ነፋስ አይነካውም። ግን ከበረቱ ጀርባ የገብስ ክምር አለ። በዚህ ወር እያንዳንዱ ግቢ ክምር አለው። ከጭስ መውጫ የምትወጣ አንዲት ብልጭታ የጎረቤቱንም የእኛንም ዓመት ትበላለች። ወደ ቤቱ ማዶ፣ ክምሩ ከማይታይበት ጎን አዛወርኩት። ጭስ መውጫው አናት ላይም ወንፊት ሽቦ አሰርኩ። ይሄን ሥራ የምትጀምሩ ሰዎች ገንዳውን ሳይሆን ነፋሱን ቀድማችሁ እዩ።

ህዳር 8

ውሃ።

ሰፈራችን ውሃ በፈረቃ ነው፤ ተራችንም ገና ነው። ሮቶው የቤት ነው፣ አይነካም። ስለዚህ ጋሪ ተከራየሁ። 950 ሊትር ማለት በ20 ሊትር ጀሪካን 48 ጊዜ ነው። 30ኛው ላይ የጋሪው ልጅ "ሠርግ ነው እንዴ?" አለኝ። ምን ልበለው? "የእናቴ ጉልበት" አልኩት። የሰማው አልመሰለኝም።

ከዚያ ገንዳው ያፈስስ ጀመር። በ42 ስንጥቅ። አንዳንዱ ያንጠባጥባል፣ አንዳንዱ እንደ ቀጭን ክር ይወርዳል። ጎረቤታችን እትዬ በአጥር አሻግረው አይተው "ወንፊት ነው የሠራኸው ልጄ" አሉኝ። እንደሚያፈስ አውቅ ነበር። ሆኖም ከማዶ የመጣ ውሃ መሬት ሲጠጣው ቆሞ ማየት ያማል። ግቢው ጨቀየ። ዶሮዎቹ ብቻ ወደዱት።

ህዳር 10

ማታ ማታ ጎደለ፣ ጠዋት ጠዋት ሞላሁት። 19 ጀሪካን ተጨማሪ ገባበት። ዛሬ ከሦስት ቦታ በቀር ቆመ። እንጨቱ አበጠ፣ መጋጠሚያው ጥፍር አያስገባም። ዳዶዎቹን ላጠብቅ ብዬ ስሞክር አንዱ ቀበቶ ሲያቃስት ሰማሁ። ይልቁንስ ትንሽ አላላሁት።

ህዳር 12

እማዬ "ዛሬ ሚካኤል ነው፤ መዶሻ አይነሳም" አለች። እሳት ማንደድ ግን አይከለከልም። እንዲያውም ቀኑ ህዳር ሲታጠን ነው። በ1911 ዓ.ም. የህዳር በሽታ አገሩን ከጨረሰ ወዲህ በዚህ ቀን ቆሻሻ ይቃጠላል፣ ሰፈሩ ይጨሳል። የእኔ ምድጃ ከሁሉም ብሶ ጨሰ። እንጨቱ ገና እርጥብ ነበር። የሻጩን "ደረቅ ነው" ማመን የእኔ ጥፋት ነው፤ ሲፈለጥ ውስጡ ነጭና ቀዝቃዛ ነበር። እትዬ "እንዴት ያለ መታጠን ነው!" ብለው አመሰገኑኝ።

8 ሰዓት ላይ አነደድኩ። 9 ሰዓት ላይ ምድጃው ውስጥ ኳ፣ ኳ፣ ኳ የሚል ድምፅ መጣ። ሰው ከውስጥ በመዶሻ የሚመታ ይመስላል። እማዬ አማተበች። እኔም ፍልጡን ሁሉ አውጥቼ አፈር ላይ ጣልኩት።

ነገሩ የገባኝ ማታ ነው። የላይኛው ቱቦ ከምድጃው ወጥቶ መሃል ላይ ጉብ ይልና ወደ ገንዳው ይወርዳል። አየሩ ጉብታው ላይ ታፍኗል። ውሃው መዞር ሲያቅተው ምድጃው ውስጥ ፈላ። እኛ ጋ ደግሞ ለመፍላት ብዙ አይቸገርም፤ 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ 91 ዲግሪ ገደማ ይበቃዋል።

ህዳር 14

የምድጃውን መቀመጫ 12 ሳ.ሜ. ቆፍሬ ዝቅ አደረግኩት። አሁን የላይኛው ቱቦ ከምድጃ እስከ ገንዳ ሳያቋርጥ ሽቅብ ይሄዳል፤ ጫፉም ሁልጊዜ ከውሃው በታች ነው። ጭስ መውጫውንም ከ1.5 ወደ 2.5 ሜትር አስረዘምኩት። አየራችን ስስ ስለሆነ እሳቱ ስቦ ካልተነፈሰ አይነድም።

ከአጎቴ ግቢ ዓመት የሞላው ፍልጥ አመጣሁ። 8 ሰዓት ላይ 13 ዲግሪ። 9 ሰዓት 19። 10 ሰዓት 26። 11 ሰዓት 32። ማንኳኳት የለም። እጄን በላይኛው ቱቦ አፍ ላይ ሳደርግ ሙቁ ውሃ እንደ ትንፋሽ ይገፋኛል። እዚያ ቆሜ ብዙ ጊዜ ሳላጠፋ አልቀረሁም።

12 ሰዓት ላይ ቴርሞሜትሩ 39 አለኝ። ልብሴን አወለቅኩና ገባሁ። ትከሻዬ በሰላም ገባ፤ እግሬ ግን ወንዝ ነው የረገጠው። ሙቁ ላይ ተንሳፍፎ፣ ቀዝቃዛው ታች ተኝቷል። ቴርሞሜትሩን ያንጠለጠልኩት ላይ ነበር። ከበረቱ ረጅም ዱላ አምጥቼ ማማሰል ጀመርኩ። እማዬ ከበር "ገንፎ ነው?" አለች። ከተማሰለ በኋላ 34 ሆነ። ሌላ አንድ ሰዓት ነደደ። ያለቀው ማገዶ 34 ኪሎ ነው። ለአጎቴ አልነገርኩትም።

ህዳር 17

ክዳን ሠራሁ። ከወራጁ ከተረፈ ጣውላ ነው። በላዩ ላይ የደብረ ብርሃን ብርድ ልብስ በላስቲክ ጠቅልዬ ቸነከርኩ። ፋብሪካው አገሩ ድረስ መጥቶ ያንን አለመጠቀም ነውር ነው።

ልዩነቱ ገረመኝ። ክፍቱን ሲያድር ከ39 ወደ 26 ወርዶ ነበር። ክዳን ሲደረግበት ጠዋት 33 ላይ አገኘሁት። በዚያው ሌሊት ባልዲው ውስጥ የተረፈው ውሃ ስስ በረዶ ለብሷል። ሲነድም ክዳኑ ከላዩ ካልተነሳ 22 ኪሎ ይበቃል፤ ሰዓቱም ወደ ሦስት ተኩል ወረደ። ምድጃውን ከማሳመር ይልቅ ክዳኑን ቀድሜ መሥራት ነበረብኝ።

ህዳር 20

እማዬ ገባች።

መጀመሪያ ሐኪሟን ጠይቄአለሁ፤ የግፊት ኪኒን ትወስዳለች። ሙቅ ውሃ የደም ሥርን ስለሚያሰፋ ግፊት ያወርዳል፤ ድንገት የተነሳ ሰው ይዞርበታል። ከ38 ዲግሪ እንዳይበልጥ፣ ከ15 ደቂቃ እንዳትቆይ፣ ስትወጣ ሰው እንዲይዛት ተባለ። ነፍሰ ጡር የሆነችው እህቴም ትግባ ወይ ብዬ ጠይቄ ነበር። አትግባ ተባልኩ።

በአሮጌ ቀሚሷ ገባች፣ ነጠላዋን ራሷ ላይ ጠምጥማ። ባለቤቴ ከአንድ ወገን፣ እኔ ከሌላው ይዘናታል። ቀሚሱ አየር ይዞ እንደ ድንኳን ተነፋ፤ በሁለት እጇ ወደ ታች ትጫነዋለች። ከዚያ ዝም አለች። ፊቷ ላይ ላብ ብቅ ሲል አየሁ። ባህር ዛፉ ይሸታል፣ ከሥሩ ጥዱም ይሸታል።

"የአባቴ ቤት ነው የሚሸተው" አለች።

12 ደቂቃ ላይ አወጣናት። ያን ሌሊት ጉልበቷ አልቀሰቀሳትም። በማግስቱም ደህና ነበረች። በሦስተኛው ቀን ተመለሰ። ሶደሬም ቢሆን የሚያደርገው ይሄንኑ ነው፤ ይሄኛው ግን ከበሩ አምስት እርምጃ ነው።

ታኅሣሥ 6

አሁን ስለ ችግሩ ላውራ። ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ ስለ ማገዶው ነው። ማገዶ አለ። ባህር ዛፍ እንኳን በምኒልክ ጊዜ የገባው ለዚሁ ነው። እኔን የሚያስጨንቀኝ ውሃው ነው።

የቆመ ሙቅ ውሃ ቶሎ ይበላሻል። ያለ በረኪና በሦስተኛው ቀን ጣውላው ያዳልጣል፣ ሽታም ይጀምራል። ችላ ከተባለ ቆዳ ላይ ሽፍታ ያመጣል። በረኪና ብጨምርበት ደግሞ ጎመኑን ማጠጣት አልችልም። ስለዚህ በረኪናም ሳሙናም አይገባም። ከመግባት በፊት እግርና ገላ በባልዲ ይታጠባል። በሁለት ቀን ውስጥ ሦስት ሰው በተራ ይጠቀማል። ከዚያ ውሃው ገና ሞቅ እንዳለ ብርድ ልብስና ጋቢ ይነከርበታል፤ የቀረው ለጎመኑ። እትዬም ሁለት ጊዜ ጋቢያቸውን አምጥተዋል፤ "ወንፊትህ ጥሩ ነው" አሉ።

እንዲህ ሲከፋፈል 48ቱ ጀሪካን ያን ያህል አያሳፍርም። ለእኔ ብቻ ለመዝናናት ቢሆን ግን፣ ሴቶች ተራ ይዘው ከሚቆሙበት ቦኖ ፊት በጋሪ ጭኜ ማለፍ አልችልም ነበር። አሁንም ጋሪውን በማለዳ ነው የምልከው።

ገንዳውን ባዶ ላቆየውም አልችልም። በጋ ላይ እንጨቱ ደርቆ ይሸሻል፣ እንደገና ወንፊት ይሆናል። ባጠብኩ ቁጥር በዚያው ቀን መሙላት አለብኝ። ፕላስቲክ ወይም የብረት ገንዳ ይሄ ጣጣ የለበትም። ደግሜ ብሠራ ጥዱን እመርጣለሁ? ለእማዬ ስል አዎ። ለሌላ ሰው ከሆነ አንድ ሮቶ ቆርጬ ዙሪያውን በጭድ አሽጌ እሰጠዋለሁ፤ ቱቦው የሚገባበትን ብቻ በብረት።

ታኅሣሥ 30

ትናንት ገና ነበር። ወንድሜ ከአዲስ አበባ መጣ። አንድ ጠርሙስ የደብረ ብርሃን አረቄ ይዞ ገንዳው ውስጥ ሊገባ ሲል ጠርሙሱን ቀማሁት። ሙቀትና አረቄ አንድ ላይ ሰው ይጥላሉ፤ እንቅልፍ ከወሰደው ደግሞ መስጠም አለ። "ከወጣህ በኋላ" አልኩት። ተቆጣ። ገብቶ አምስት ደቂቃ ሳይቆይ ቁጣውን ረሳ። ሰማዩ ጥርት ያለ ነው፣ ውርጩ ሣሩ ላይ መውረድ ጀምሯል፣ እሱ ከአንገቱ በላይ ብቻ ይታያል። ጢሙ ላይ የእንፋሎት ጠል ተቀምጧል።

"ለእኔም አንድ ሥራልኝ" አለኝ።

"መቼ ትመጣለህ?"

"ለምን?"

"ጀሪካን ለመሸከም።"

ጥር 5

ስድስት ቀን ለሥራ ወጣ ብዬ ተመለስኩ። የገናው ውሃ ከወጣ በኋላ መሙላቱ ተረስቷል። ቀበቶዎቹ ወደ ታች ተንሸራተዋል፤ በጣውላዎቹ መሃል ብርሃን ይታያል። 17ኛው መጋጠሚያ ላይ ጣቴን አስገብቼ አወጣሁ። የታችኛውን ጠርዝ በእርጥብ ጆንያ ጠቀለልኩ፣ ውስጡን ስድስት ጀሪካን አርከፈከፍኩበት። ነገ ደግሞ ስድስት። እማዬ ወንበሯን አውጥታ ጆንያውን በጣሳ እያረሰረሰችልኝ ነው። ለጥምቀት ይደርሳል ብላለች። እኔ ስቆጥር 17ኛው በደቂቃ አራት ጠብታ ይጥላል።